68 ተማሪ፣ አንድ ስልክ፦ ለእንግሊዝኛ ክፍል ከኢንተርኔት ምን ይወሰድ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «የ9ኛ ክፍል እንግሊዝኛ መምህርት ነኝ። የምሠራው ከአስፋልቱ ራቅ ያለች ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። ሁለት ሴክሽን አለኝ፤ በአንዱ 68፣ በሌላው 71 ተማሪ። ልጆቹ በአማርኛ ተምረው መጥተው አሁን ባዮሎጂውም ሒሳቡም በእንግሊዝኛ ሆኖባቸዋል። መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ማታ ማታ ይሻላል። ያለኝ የራሴ ስልክ ብቻ ነው። ሰው ሁሉ ይሄ ዌብሳይት ይጠቅምሻል እያለ ሊንክ ይልክልኛል፤ 40 ደርሷል፤ አንዱም ክፍል ውስጥ አልገባም። የትኛውን ልያዝ? ደግሞ እውነቱን ለመናገር የራሴም እንግሊዝኛ ስናገር ያሳፍረኛል።»

እህቴ፣ ከሊንኮቹ ልጀምር። አንዱም ክፍል ያልገባው አንቺ ሰንፈሽ አይደለም። አብዛኞቹ የተሠሩት ለአንድ ሰው ነው። ጆሮ ማዳመጫ ሰክቶ፣ ዋይፋይ ከፍቶ፣ ብቻውን ስክሪን እየነካካ ለሚማር ሰው። አንቺ ጋ ያለው ተቃራኒው ነው። ስለዚህ ሊንክ ሲላክልሽ «ጥሩ ነው ወይ?» ብለሽ አትጠይቂ። «ማታ አውርጄው፣ ጠዋት ያለ ኔትወርክና ያለ ስክሪን ለ68 ልጅ ይሆናል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። ከ40ዎቹ አብዛኞቹ እዚህ ላይ ራሳቸው ይወድቃሉ። ተማሪው ሁሉ ስልክ እንዲይዝ የሚፈልጉት የጥያቄና መልስ ጨዋታዎች ይወድቃሉ። ዱዎሊንጎም ይወድቃል፤ ለብቻው ለሚማር ሰው ደህና ነገር ነው፣ እንዳንቺ ላለ ክፍል ግን አይሆንም።

እኔ ይህን የተማርኩት ክፍል ውስጥ ነው። መምህር በነበርኩበት ጊዜ አንድ ጥሩ ቪዲዮ አግኝቼ ላፕቶፕ ተሸክሜ ገባሁ። የፊት ሁለት ረድፍ አየ። ከመሃል ያሉት ቆመው አዩ። ከኋላ ያሉት ድምፁንም አልሰሙም። ባትሪው በ20 ደቂቃ አለቀ። የኋላ ዴስክ ላይ የነበረች አንዲት ልጅ ደብተሯን ዘግታ በመስኮት ውጭ ውጭውን ስታይ ትዝ ይለኛል። በሳምንቱ የዚያኑ ቪዲዮ ድምፅ ብቻ ቀድቼ በትንሽ ስፒከር ይዤ መጣሁና ክፍሉ መሃል ላይ ቆምኩ። ዝም አሉ። ዝም ብለው አዳመጡ። ከዚያ ወዲህ ስክሪን የሚባል ነገር ለትልቅ ክፍል አስቤም አላውቅ።

ስለዚህ አንድ ነገር ልትገዢ ከሆነ ፍላሽ ወይም ሜሞሪ ካርድ የሚቀበል በባትሪ የሚሠራ ስፒከር ግዢ። ስልክሽ ሲደወልለት ትምህርቱ አይቋረጥም፣ ቻርጅሽም አያልቅም።

አሁን ወደ ምርጫው። አንዱን ብቻ ንገሩኝ ብትዪኝ የቪኦኤን ለርኒንግ ኢንግሊሽ እልሻለሁ። ቪኦኤን ቤታችሁ በአማርኛ ሲደመጥ ሰምተሽው አድገሽ ይሆናል። ያው ጣቢያ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1959 ጀምሮ ለእንግሊዝኛ ተማሪዎች ብቻ የሚያሰራጨው ፕሮግራም ነበረው። ወደ 1,500 በሚሆኑ ቃላት ይጻፋል፤ ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው፤ አንባቢው ከተለመደው ዜና በሲሶ ያህል ዘገም ይላል። ዘገም ሲል ግን ቃሉን አያዛባውም፣ የሰው አነጋገር ሆኖ ነው የሚቆየው። እኔ ከሁሉ የምወድለት ይህን ነው። እያንዳንዱ ድምፅ ከነጽሑፉ ይመጣል። ጣቢያው ራሱ ያዘጋጀው ደግሞ የባለቤትነት መብት የማይጠየቅበት ስለሆነ ማባዛት፣ ለጓደኛ ማካፈል፣ ማተም ትችያለሽ።

ከዚያ ውስጥ «ሌትስ ለርን ኢንግሊሽ» የሚለውን የመጀመሪያ ደረጃ ፈልጊ። 52 ትምህርት ነው። አና የምትባል ወጣት ዋሽንግተን ከተማ አዲስ ገብታ ሰው ስትተዋወቅ፣ ሥራ ስትጀምር፣ መንገድ ሲጠፋባት እያለ ይቀጥላል። ቪዲዮውን ተዪው። ድምፁን ዝቅ ባለው ጥራት፣ በ64 ኪሎቢት፣ ካወረድሽው አምስት ደቂቃው 2.4 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ 52ቱ ተደምሮ 125 ሜጋባይት አካባቢ ቢሆን ነው። በአንድ የሌሊት ፓኬጅ ያልቃል። አንድ ነገር ግን ልብ በይ። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 የቪኦኤን ሥራ ካስቆመ ወዲህ አዲስ ትምህርት ይመጣል ብለሽ አትጠብቂ። የቆየውን ዛሬ ነገ ሳትዪ አውርጂው። ሁለት ቦታም አስቀምጪው።

እንዴት እንደሚሠራበት አንዱን ላሳይሽ፤ ማውረዱ ብቻውን ምንም አይፈይድም። የመጀመሪያውን ትምህርት እንውሰድ። አና ፒት ከሚባል ሰው ጋር ትተዋወቃለች። ከአምስቱ ደቂቃ 30 ሰከንድ ብቻ ቁረጪ፣ ሰላምታውንና ስም መለዋወጡን። ለአንድ ፔሬድ ይበቃል፤ እንዲያውም ይተርፋል።

መጀመሪያ ስታጫውቺ ማንም አይጽፍ። «ኔም» የሚለውን በሰማችሁ ቁጥር ጣት አውጡ በያቸው። 68 ጣት አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ሲል ማን እንደሰማ፣ ማን ጎረቤቱን አይቶ እንዳወጣ ወዲያው ታያለሽ። ሁለተኛ ስታጫውቺ ደግሞ የሰሙትን ቃል ሁሉ ይጻፉ፣ ቅደም ተከተል አያስጨንቃቸው። ከዚያ አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጡት ሦስቱ ያላቸውን አዋጥተው ዓረፍተ ነገሩን መልሰው ይገንቡ። ክፍሉ እዚህ ላይ ይንጫጫል፣ ተዪው ይንጫጫ። በአማርኛ ይከራከራሉ፤ እሱንም ተዪው፤ የሚከራከሩት ስለ እንግሊዝኛ ነው። ሦስተኛ ታጫውቺና ያርማሉ። ከዚያ ሁለት ዴስክ የጻፈውን ሰሌዳ ላይ እንዳለ ከነስህተቱ ትጽፊዋለሽ፤ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር እያቆምሽ ታጫውቺና ክፍሉ ራሱ ያርመዋል።

እኔ ስሠራው ሁልጊዜ አንድ ነገር ይመጣል። «ኔም ኢዝ» የሚለውን ብዙዎቹ አንድ ቃል አድርገው «ኔሚዝ» ብለው ይጽፉታል። ይህን እንደ ስህተት ብቻ አትዪው። ጆሯቸው በትክክል ነው የሰማው፤ እንግሊዝኛ ሲነገር ቃላቱ ይያያዛሉ። ደብተር ላይ ለየብቻ ሲያዩት ነው የሚያውቁት፣ ተያይዞ ሲመጣ ያልፋቸዋል። ለዚያ ነው ያነበቡትን የሚያውቁ ልጆች ሲሰሙ የሚጠፋቸው። አምስት ደቂቃ እሱ ላይ ቁሚ። በማግስቱ ያንኑ 30 ሰከንድ መልሰሽ አጫውቺ፣ አሁን ግን የራሳቸውን ስም እያስገቡ ሁለት ሁለት ሆነው ይበሉት። አዲስ ነገር ካልመጣ ይሰለቻሉ ብለሽ አትፍሪ። ልጅ የሚሰለቸው ያልገባውን ሲሰማ ነው። የገባውን ሲሰማ ድገሙልን ይላል።

ወደ ንባብ ልለፍ። ችግሩ ከባድ የሆነው እዚህ ነው።

አንቺ እንዳልሽው ልጆቹ ባዮሎጂን በእንግሊዝኛ ሊማሩ ነው። አንድ ጽሑፍ ያለ መምህር ለመረዳት ከ100 ቃል ስንቱን ማወቅ ያስፈልጋል? የቃላት ትምህርትን ዕድሜ ልኩን ያጠናው የኒውዚላንዱ ፖል ኔሽን ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጥናት መልሱ 98 አካባቢ ነው። ከ100 ቃል 80 ብቻ በሚታወቅበት ጽሑፍ ላይ አንድም አንባቢ በበቂ ሁኔታ አልተረዳም። 80 ከመቶ ሲባል ብዙ ይመስላል አይደል? ከአምስት ቃል አንዱ ጠፋ ማለት ነው። ተማሪዎችሽ የባዮሎጂ መጽሐፉን ከፍተው የሚዘጉት ለዚህ ነው እንጂ ሰነፍ ሆነው አይደለም።

ስለዚህ ሁለት ነገር አድርጊ። መጀመሪያ የት እንዳሉ እወቂ። ኒው ጀነራል ሰርቪስ ሊስት የሚባል በነጻ የሚወርድ የቃላት ዝርዝር አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ፣ በጣም የሚዘወተሩ 2,800 ያህል ቃላት የያዘ። እነዚህ ብቻ ከአጠቃላይ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ 92 ከመቶውን ይሸፍናሉ። ከመጀመሪያው 1,000 ውስጥ 40 ቃል በዘፈቀደ አውጪ። ሰሌዳ ላይ ጻፊና አማርኛውን ይጻፉ። ማርክ እንደሌለው ንገሪያቸው፣ ካልሆነ ይኮራረጃሉ። አንድ ሰዓት የማይሞላ ሥራ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ይጠቅምሻል። ከ40ው 15 ያወቀና 38 ያወቀ ልጅ አንድ ዴስክ ላይ እንደተቀመጡ ታያለሽ። ማንን ከማን ጋር እንደምታቀምጪም ያኔ ይገባሻል።

ሁለተኛ፣ ጽሑፉን አቅልዪላቸው። ኪዊክስ የሚባል በነጻ የሚገኝ አፕ አለ። ሙሉ ዊኪፒዲያን አውርደሽ ያለ ኔትወርክ እንድታነቢ ያደርጋል። አንቺ ግን ትልቁን እንግሊዝኛ ዊኪፒዲያ አታውርጂ፤ «ሲምፕል ኢንግሊሽ» የሚለውን ምረጪ። በቀላል ቃላትና በአጭር ዓረፍተ ነገር የሚጻፍ ራሱን የቻለ ዊኪፒዲያ ነው፣ ከ2 መቶ ሺህ በላይ ጽሑፍ አለው። ፎቶ የሌለውን ከወሰድሽ በጣም ያንሳል፣ ሜሞሪ ካርድ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ የባዮሎጂ መምህሩን «በሚቀጥለው ሳምንት ምን ታስተምራለህ?» ብለሽ ጠይቂው። ፎቶሲንተሲስ ካለሽ ማታ ከፍተሽ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ሰባት ዓረፍተ ነገሮች ገልብጪ፤ ጠዋት ሰሌዳ ላይ ጻፊያቸው። ልጆቹ ባዮሎጂ ክፍል ሲገቡ ዋናዎቹን ቃላት ሰምተዋቸዋል። ይህን የምልሽ ከራሴ ልምድ ነው፦ ከባዮሎጂ መምህሩ ጋር እየተነጋገርኩ ከሠራሁባቸው ዓመታት በላይ ተማሪዎቼ እንግሊዝኛን የፈለጉበት ጊዜ የለም። «ይሄ ለምን ይጠቅመናል?» የሚል ጥያቄ ጠፋ።

ያዘጋጀሽው ጽሑፍ ከብዶ እንደሆነ ለማየት ኦክስፎርድ ቴክስት ቼከር አለ። ጽሑፉን ትለጥፊበታለሽ፣ የትኛው ቃል በየትኛው ደረጃ እንዳለ በቀለም ለይቶ ያሳይሻል። የካምብሪጅ ዲክሽነሪ ድረ ገጽም ብዙ ቃላት ላይ ከኤ1 (ጀማሪ) እስከ ሲ2 (በጣም የላቀ) ደረጃውን ይጽፋል። የመማሪያ መጽሐፉን አንድ አንቀጽ አስገብተሽ እይው፤ ሰሌዳ ላይ የትኛውን ቃል አስቀድመሽ ማስተማር እንዳለብሽ ወዲያው ይታይሻል።

ማንበብ ገና ለሚቸግራቸው ደግሞ ስቶሪዊቨርና አፍሪካን ስቶሪቡክ አሉ። የመጀመሪያው የሕንድ ነው፣ ሁለተኛው የደቡብ አፍሪካ። ሁለቱም አጫጭር የልጆች ተረቶች በደረጃ ከፋፍለው በነጻ ይሰጣሉ። በፒዲኤፍ ማውረድ፣ ማተም፣ መተርጎም ይፈቅዳሉ። አማርኛም አላቸው። «የ15 ዓመት ልጅ የሕፃን ተረት እንዴት አነባለሁ ይለኛል» ትዪኝ ይሆናል። ልክ ነሽ፣ ይለዋል። ስለዚህ እንደ ንባብ ትምህርት አታቅርቢው። «እዚህ አጠገባችን ያለው አንደኛ ደረጃ መጽሐፍ የለውም፤ የ4ኛ ክፍል ልጆች እንዲያነቡት እናንተ በአማርኛ ትተረጉሙታላችሁ» በያቸው። አንድ ቡድን አንድ ተረት። ትርጉሙን በእጃቸው ጽፈው፣ ሥዕሉን ሥለው፣ ወስደው ለታናናሾቻቸው ያነቡላቸዋል። ለመተርጎም ሲሉ አንዷን ዓረፍተ ነገር አሥር ጊዜ ያነቧታል። አንድ ኮስታራ ልጅ ነበረኝ፣ በክፍል አፉን ከፍቶ የማያውቅ። ስለ ዝሆን የሚያወራውን ተረት ተርጉሞ ለ4ኛ ክፍል ሲያነብ ልጆቹ በጩኸት ድገምልን ሲሉት ፊቱ ላይ የነበረውን አልረሳውም።

አነጋገርና አጠራር ላይ አንድ ሁለት ነገር ልበል። ለፈረንጅ ወይም ለቻይና ተማሪ የተሠራው የአጠራር ትምህርት የእኛን ልጆች ችግር አይነካም። የእኛ ችግር የሚመጣው ከአማርኛ ስለሆነ መፍትሔውም አማርኛ ውስጥ አለ።

አንዱ ማጥበቅ ነው። በእንግሊዝኛ «ሰመር» ሲጻፍ ኤም ሁለት ጊዜ ስላለ ልጆቻችን «መ»ን ያጠብቁታል። በአማርኛ ማጥበቅና ማላላት ትርጉም ይለውጣል፤ «አለ» ተናገረ ማለት ነው፣ «አለ» ሲጠብቅ ደግሞ መኖር ነው። ስለዚህ ድርብ ፊደል ሲያዩ ማጥበቃቸው አይገርምም። ይህን ራሱን በአማርኛ ንገሪያቸው፦ በእንግሊዝኛ ፊደሉ ሲደረብ ድምፁ አይጠብቅም። በአንድ ቀን ይገባቸዋል። ሌላው በቃል መነሻ ላይ እ መጨመር ነው፤ «እስኩል»፣ «እስቶፕ»። ሦስተኛው ያለፈ ጊዜ ግሥ ነው። መጨረሻው ላይ ኢዲ ስላዩ ሁሉንም «ኤድ» ይሉታል፤ «ዎርክ ኤድ»፣ «ፕሌይ ኤድ»። እዚህ ላይ ፊደላችን በጣም ይረዳል። ሰሌዳ ላይ በፊደላችን ጻፊላቸው፦ «ወርክት»፣ «ፕሌይድ»፣ «ዋንቲድ»። ሦስት ድምፅ መሆኑን በዓይናቸው ያዩታል። በፊደል መጻፍ ግን ልማድ እንዳይሆን ተጠንቀቂ። በእንግሊዝኛ «መርከብ» እና «በግ» የሚባሉት ቃላት በእኛ ፊደል ሲጻፉ ሁለቱም «ሺፕ» ይሆናሉ፤ አንዱ አጭር፣ ሌላው ረጅም መሆኑ ይጠፋል። ምላስን በጥርስ መሃል አውጥቶ የሚባለውን ድምፅም ፊደላችን የለውም፤ «ዚስ» ብለው ጽፈው «ዚስ» ብለው ይቀራሉ።

አንድ ቃል እንዴት እንደሚባል ስትጠራጠሪ ዩግሊሽ የሚባል ገጽ አለ። ቃሉን ስትጽፊ ሰዎች ዩቲዩብ ላይ ቃሉን የተናገሩበትን ቦታ እየፈለገ ያስደምጥሻል። የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ፣ የአውስትራሊያ እያልሽ መምረጥ ትችያለሽ። ቪዲዮ ስለሆነ ዳታ ይበላል። ለክፍል ሳይሆን ለአንቺ ለራስሽ፣ ማታ፣ በሳምንት ለአምስት ስድስት ቃል ብቻ። ለሌላው የዲክሽነሪው ድምፅ ይበቃል።

ስለ ትልቅ ክፍል ደግሞ ብቻሽን እንዳልሆንሽ እወቂ። የካሜሩን ሰው ሃሪ ኩቻ በአገሩ ሰሜን በኩል ከ200 በላይ ተማሪ ያለበት ክፍል አስተምሯል፤ ሙቀቱ ሌላ፣ መጽሐፍ ያለው ተማሪ በጣት የሚቆጠር። ተማሪዎቹን አማከራቸው፣ በቡድን ከፈላቸው፣ ከክፍል አውጥቶ ዛፍ ጥላ ሥር አሠራቸው፤ የሚነበበውንም ነገር ራሳቸው እንዲያመጡ አደረገ። ዛሬ እንግሊዝ አገር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መምህር ነው። የዎሪክ ዩኒቨርሲቲ ቴልክኔት በሚል ስም በትልቅ ክፍል እንግሊዝኛ ስለሚያስተምሩ መምህራን ጽሑፍ ሰብስቦ በነጻ አስቀምጧል። የብሪቲሽ ካውንስል ቲቺንግ ኢንግሊሽ ገጽም ለመምህራን ነጻ ኮርስና የትምህርት ዕቅድ አለው። ከሁለቱ ጋር የማሳልፈው ጊዜ የለኝም ካልሽ ለክረምት አቆዪው።

ቴሌግራምን በተመለከተ ጠንቀቅ በይ። ለክፍሉ ግሩፕ ልክፈት ብለሽ ሳታስቢ አልቀረሽም። ክፍሉ ውስጥ ስማርት ስልክ ያለው ቤት ስንት ነው? ትምህርቱ ግሩፑ ላይ ሲሆን ስልክ የሌላት ልጅ ሁለት ጊዜ ትቀጣለች። ስልክ ላላቸው ድምፁን በዜንደር ወይም በብሉቱዝ ስጫቸው፣ ዳታም አይፈጅም። አንድ ስልክ ያለው ልጅ የሰፈሩን አራት ልጅ ይዞ እንዲያዳምጥ አድርጊ። ቻናሎች ላይ የሚዞሩትን የፈተና ጥያቄና መልሶች ደግሞ ሳታርሚ አትስጪ፤ ውስጣቸው የተሳሳተ መልስ በብዛት አይቻለሁ።

ቻትጂፒቲና መሰሎቹ ለአንቺ ይጠቅማሉ፣ ለተማሪው ገና ናቸው። አንድ ረጅም አንቀጽ ሰጥተሽ «በኤ2 ደረጃ በ100 ቃል ጻፍልኝ፣ አምስት ጥያቄም ጨምር» ብትዪው የሁለት ሰዓት ሥራሽን ያቀልልሻል። ያወጣውን በቴክስት ቼከሩ አሳልፊው፤ ደረጃውን ሁልጊዜ አይጠብቅም። የሰዋስው ማብራሪያ በአማርኛ አትጠይቂው። በአማርኛ ሲያብራራ የሚስትበት ጊዜ ብዙ ነው፤ የአንቺ ማብራሪያ ይሻላል። ጉግል ትርጉም ውስጥ አማርኛ የገባው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፤ ለአንድ ቃል ደህና ነው። የቤት ሥራ ዓረፍተ ነገር በእሱ ከመጣ ግን ስሜቱ ይነግርሻል። ተማሪውን አትቆጪው። አጠገብሽ አስቁመሽ ዓረፍተ ነገሩን በቃሉ ይበልልሽ። ካልቻለ አብራችሁ አሳጥሩት፣ እስኪችለው ድረስ።

የመጨረሻው ነገር ያልሽው ነው፤ የራስሽ እንግሊዝኛ። ጥያቄውን እንደ ተራ ነገር መጨረሻ ላይ ነው የጻፍሽው፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ እሱ ነው የከበደኝ። ስንቱ መምህር ይህን በሆዱ ይዞ በየቀኑ ክፍል ይገባል! አፍሮ ስለማይናገር ክፍሉ በሙሉ በአማርኛ ያልቃል፤ ልጆቹም ሳይሰሙ ይወጣሉ። ስፒከሩን ከላይ ያስቀደምኩትም አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። ድምፁ ከስፒከሩ ሲመጣ የአጠራር ምሳሌ መሆን ያለብሽ አንቺ አይደለሽም። አንቺ ከልጆቹ ጋር ሆነሽ ታዳምጪያለሽ።

ለራስሽ ደግሞ የቢቢሲን ሲክስ ሚኒት ኢንግሊሽ ያዢ። ቢቢሲ እንግሊዝኛ በሬዲዮ ማስተማር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1943 ነው፣ ይህን ሥራ ያውቁታል። ሁለት ሰዎች በአንድ ጉዳይ ላይ ስድስት ደቂቃ ያወራሉ። መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ይጠይቁና መልሱን መጨረሻ ላይ ይሰጣሉ። ስድስት ያህል ቃላት ያብራራሉ። ጽሑፉም በነጻ ይወርዳል። ለ9ኛ ክፍል ይከብዳል፤ ለአንቺ ልክ ነው። በሳምንት አንድ ብቻ ውሰጂ። ሰኞ ያለ ጽሑፍ አዳምጪ። ማክሰኞ ከጽሑፉ ጋር። ረቡዕና ሐሙስ አንድ ደቂቃ ያህሉን ምረጪና ከተናጋሪው ኋላ ኋላ እየተከተልሽ አብረሽ በይ፤ ቃሉን ብቻ ሳይሆን የት እንደሚያነሳ፣ የት እንደሚጥል፣ የት እንደሚተነፍስ። ወጥ እየሠራሽም ይሆናል። ዓርብ ያችኑ አንድ ደቂቃ በስልክሽ ራስሽን ቅጂ።

ለማንም ማሰማት የለብሽም። የመጀመሪያውን ዓርብ የቀዳሽውን ግን አታጥፊው፤ ቀኑን ጽፈሽ አስቀምጪውና ሰኔ ላይ ከመጨረሻው ጋር አስተያይው።